እትዬ ሜትርና ግማሾቹ ክኒኖች

እትዬ ሜትር ሜትር ይዛ አታውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጣንላትም ለዚሁ ነው። ሌላው ቆራጭ አንገቱ ላይ ሜትር ጠምጥሞ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ አራተኛው ላይ ሲሳሳት፣ እሷ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ አንድ ጊዜ በዓይኗ ታዳርሰዋለች፣ ከዚያ ጠመኔዋን ታነሳለች። አለቀ። አሠሪያችን አዲስ ደንበኛ ባመጣ ቁጥር ወደ እሷ ጠረጴዛ ይመራውና፣ ሌላ ቦታ ዘጠኝ ካፖርት በሚወጣበት ጨርቅ ይህች ሴት አሥር ታወጣለች እያለ ይኩራራባታል። እውነቱን ነው። ያ አሥረኛው ካፖርት ግን ደመወዟ ላይ ታይቶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ እሷ ብላው አታውቅም።

እኔ የዚያው ቤት ተኳሽ ነኝ። ተኳሽ ነኝ ስል ሰው ሁለት ጊዜ ያየኛል፤ የምተኩሰው ሸሚዝና ሱሪ ነው። የምንሠራበት ከመለዋወጫ መደብር በላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በግራ በኩል አሥራ አንድ የስፌት ማሽን፣ በቀኝ በኩል ስድስት ሜትር የሚሆነው የእሷ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ መስኮቱ ሥር ደግሞ የእኔ ካውያ። የምንሰፋው የደንብ ልብስ ነው፤ የተማሪ፣ የነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ። እሷ ስትቆርጥ እኔ ስተኩስ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላን። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ቶሎ ስለምቆጣ «አንተ እንፋሎት» ትለኛለች፤ ከካውያዬና ከእኔ ማናችን ቀድመን እንደምንፈላ አላውቅም ትላለች።

ከእሷ ጠረጴዛ ሥር የሚጠረገው ቁርጥራጭ መነጽር ለመወልወል እንኳ አይበቃም። አዲስ የሚቀጠሩትን ስታሠለጥን የምትነግራቸው አንድ ነገር ነው። ሰው ጨርቅ ሲያዝ ይፈራል፤ ስለሚፈራ ከሚያስፈልገው በላይ ያዛል፤ የቆራጭ ሙያ ያንን በፍርሃት የተጨመረውን ማግኘት ነው ትላቸዋለች። ትርፍ የሌለው ልክ የለም። ይህን ስትናገር ድምፅዋ እርግጠኛ ነው፤ እኛም ሰምተን ሰምተን የማንጠይቀው ነገር ሆኖ ነበር።

በሽታው የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጡቷ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር ዳሰሰች። ለሁለት ወር ያህል «የሸሚዝ ቁልፍ ብታህል ነው» እያለች ለራሷ ስትናገር ኖረች። ለባሏ የነገረችው የካፖርት ቁልፍ ስታህል ነው። ይህን ያወራችልኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው፤ እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በሁለቱ ወር አጠገቤ ቆማ ስትቆርጥ ምንም ሳላይ መዋሌ አናዶኝ ካውያዬን እንደ ጠላት ነው የገፋሁት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት መጣ። ስድስት ዙር። ያጠራቀሙት በሁለተኛው ዙር አለቀ። እኛ የሥራ ቤቱ ሰዎች መዋጮ አዋጣን፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ጫማቸውን ካዩት አንዱ ነኝ።

ባሏ ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የራሳቸው ትንሽ የጭነት መኪና ነበረቻቸው፤ ቤት የሚቀይር ሰው ሲኖር አልጋና ቁም ሣጥኑን ያመላልሱባት ነበር። መኪናዋን ሸጧት። የገዛት ነጋዴ መንዳት የማይችል ሰው ነበርና ሹፌር ሲፈልግ እሳቸውኑ ቀጠራቸው። ስለዚህ ጋሼ ዛሬም ያችኑ መኪና ይነዳሉ፤ ሲመሽ ቁልፉን ለሰው ያስረክባሉ። መጀመሪያ ሰሞን «መኪናዬ» ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ «መኪናው» ማለት ጀመሩ። ሲያማርሩ የሰማ ሰው ግን የለም፤ ጎማው ሲበላ እንኳ እንደ ራሳቸው ገንዘብ ይከነክናቸዋል።

እትዬ ወደ ሥራ ስትመለስ ፀጉሯ በቅጡ አላደገም ነበር፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። የተጎዱት ጣቶቿ ናቸው። ያ መድኃኒት ጫፍ ጫፋቸውን አደንዝዞባት መርፌ ቢወጋት አይሰማትም፤ ጥጡን ከፖሊስተር በመዳሰስ መለየት አቃታት። በዚህ ላይ ሐኪሙ በየቀኑ አንድ የምትዋጥ ክኒን አዘዘላት፤ ለአምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ትንሽ፣ ነጭ፣ ክብ። በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የምትጠብቃት ይህችው ክኒን ናት። የወሩ ዋጋ የደመወዟን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል።

ቀጥሎ የመሸጥ ተራው የቤቱ ሆነ። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ናት፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልቀራቸውም። ጋሼ አንድ ቀን ደላላ ይዘው መጡ። ደላላው ቤቱን በእርምጃ ለካ። በማግስቱ ይህን ስትነግረን ሳቃችን ጣሪያውን ነካ፤ ሰውየው ከሳሎኑ ብቻ አርባ ሳንቲ ሜትር ሰርቆ ሄደ አለች፤ ግድግዳውን በኪሱ ይዞ የወጣ ይመስል። ያልነገረችን ደላላው ከሄደ በኋላ የሆነውን ነው። ቤቱ አይሸጥም ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረቻቸው፤ ጋሼም «አንቺ ከሌለሽ ግድግዳውን ምን ላደርገው ነው?» አሏት።  ይህን የሰማሁት በኋላ፣ ሁሉ ነገር ከታወቀ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ እስቲ እነዚህን ለሁለት ለሁለት ቁረጥልኝ፣ ጣቶቼ አልይዝ አሉኝ አለች። ለምን ስላት ለመዋጥ ያስቸግረኛል አለች። ክር ለመፍታት የምጠቀምበት ምላጭ ነበረኝ፤ በአልኮል ጠራረግኩት፣ ነጭ የኪስ ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ሠላሳውንም አንድ በአንድ ከፈልኩላት። ጠዋት ግማሹን ማታ ግማሹን የምትወስድ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴው ፈጥሬ ራሴው አመንኩ። እንዲያውም ኮራሁ። ፍርፋሪ የለ፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥ። ከእንግዲህ እኔም ቆራጭ ነኝ፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው።

ስምንት ወር ቆረጥኩላት። ሠላሳ ክኒን በቀን አንድ ከሆነ በወር ያልቃል፤ እሷ ግን ወደ እኔ የምትመጣው በሁለት ወር አንዴ ነበር። የቀን መቁጠሪያው ከፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በየቀኑ አየዋለሁ፤ የአሠሪያችንን የክፍያ ቀን ለመቁጠር።

ነገሩ የታወቀው አንድ ሐሙስ ነው። አራት መቶ የነርስ ልብስ በሳምንት ይድረስ ተብሎ እትዬ ቀና ማለት አልቻለችም፤ መድኃኒቷ ደግሞ አልቆባታል። ለምሳ ስወጣ እንዳመጣላት ገንዘቡንና የሕክምና ደብተሯን ሰጠችኝ። መድኃኒት ቤቱ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው። ሻጯ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችው። እኚህ ሴትዮ የወር መድኃኒት ሁለት ወር ያቆዩታል፣ ያቋርጣሉ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። በፍጹም፣ ጠዋት ግማሽ ማታ ግማሽ እየወሰደች ነው አልኩ፤ ሳልጠየቅ በኩራት ደግሞ የምቆርጥላት እኔ ነኝ ብዬ ጨመርኩ። ሴትየዋ ትክ ብላ አየችኝ። ጠዋት ግማሽ ማታ ግማሽ ከሆነ በቀን አንድ ነው፣ በወር ያልቅ ነበር አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቀሪውን ራሴው ደረስኩበት፤ እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ። 

ስመለስ ማሽኖቹ ሁሉ ለምሳ ቆመዋል። እሷ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላለች። ማሸጊያውን ከፊቷ አስቀመጥኩና ለምን አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ እሷ ግን ጠመኔዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ስማኝ አንተ እንፋሎት። መጠን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ትርፍ ይጨምራል። ሐኪምም ሰው ነው፤ ይፈራል፤ ሲፈራ ይጨምራል። እኔ ትርፉን ብቻ ነው ያነሳሁት።»

«ጨርቅ ነሽ እንዴ አንቺ?»

«እና ቤቱ ይሸጥ?»

 ደሜ ፈልቷል፤ በእሷ ብቻ አይደለም፣ በራሴ እጅ ጭምር። አሁኑኑ ወርጄ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ያኔ ነው ጠመኔውን ያስቀመጠችው።

«እሱን አትንካብኝ» አለች። «መኪናውን ሸጦልኛል። ሚስትህ ቤቱን ለማዳን ብላ መድኃኒቷን ስትቀንስ ኖራለች ካልከው፣ ያንን ደላላ ያመጣሁት እኔ ነኝ እያለ ነው ቀሪ ዕድሜውን የሚኖረው። ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ካላመንከኝ አብረኸኝ ና። እሱ ጋ ግን ሆድ ይፍጀው።»

ተስማማሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር የድካም ክብ ያለበት፣ ትሁት ልጅ። እትዬ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። እኔም የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ ጽሑፉ ላይ አቀረቀረ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የደም ምርመራና የአጥንት ፎቶ አዘዘ። በስምንቱ ወር ያዳነችው ገንዘብ በሙሉ ለዚያ ፎቶ በአንድ ጠዋት ሄደ፤ አልበቃ ብሎም የጎደለውን እኔ ሞላሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ ውጤቱን ሊነግረን ጠራን። ዳሌዋ አጥንት ላይ አንዲት ጥላ ታይታለች። ትንሽ ናት፤ ምን እንደሆነች ገና በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ መድኃኒቱን ሙሉውን እየወሰደች በሦስት ወር እንደገና ፎቶ ትነሳለች። ክኒኑ በመቆረጡ ነው ወይ የመጣው ብዬ ጠየቅኩት። ልሸሸው የማልችለው ጥያቄ ነበር።

«ሙሉውን ብትወስድም ሊመጣ ይችል ነበር» አለኝ። «ላይመጣም ይችል ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ያንን ንግግር እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ለእሱ ማጽናኛ መስሎታል፤ ለእኔ ግን መተኛት በፈለግኩ ቁጥር የሚነቃ ነገር ነው።

ከዚያ ሐኪሙ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ነው፣ ገንዘቡ ከከበዳት ለምን እንዳልነገረችው እትዬን ጠየቃት። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ዶክተር፣ ስመጣ ሕመሜን ይጠይቁኛል። እንቅልፌን ይጠይቁኛል። የምግብ ፍላጎቴን፣ የጣቴን መደንዘዝ፣ ሁሉን ይጠይቁኛል። መግዛት ችለሻል ወይ ብለው ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ያልተጠየቅኩትን ምን ብዬ ልመልስ?»

ብዕሩን አስቀመጠ።  ስንት እንደሚሸጡላት ጠየቃት፤ ነገረችው። ይህን ያህል ነው እንዴ አለ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእውነት ነበር። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ ያንኑ መድኃኒት ሌላ ፋብሪካም እንደሚሠራው ነገረን። ይዘቱ አንድ ነው፣ ሥራውም አንድ ነው፤ ስሙና ማሸጊያው ብቻ ይለያል። ዋጋው ከግማሽም ያንሳል። እሱ በለመደው ስም ሲጽፍ፣ መድኃኒት ቤቷም የተጻፈውን ስትሸጥ ኖረዋል። ርካሹ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለው መድኃኒት ቤት ይገኛል።

እትዬ እንዲደግምላት ጠየቀችው። ደገመላት።

«ምድር ቤት?» አለች።

«አዎ እናቴ። ደረጃው ሥር።»

በየሦስት ወሩ ለቀጠሮ ስትመጣ በዚያ በር ፊት አልፋ ነው ወደ እሱ የምትወጣው። ሙሉው ክኒን፣ በየቀኑ አንድ፣ ከእኔ ግማሾች ይረክሳል። ሳልቆርጥላት፣ የቤቱም ነገር ሳይነሳ፣ ደላላም ሳይመጣ።

እኔ እንደሆንኩ ፈላሁ። ከክፍሉ እንደወጣን ተመልሼ ልገባ፣ አንድ ብዕር የያዘ ልጅ አንድ ቃል መጠየቅ ምን ያህል ይከብደዋል ብዬ ልጮህ ዞርኩ። እጅጌዬን ያዘችኝ። ተው አለችኝ፣ ከኋላችን ያሉት ሰዎች ወረፋቸው እንዳይረዝምባቸው። ሁለት እርምጃ ሄደችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በሃያ ሁለት ዓመት ስታለቅስ አይቼአት አላውቅም ነበር፤ ጡቷን ባጣች ጊዜም፣ መኪናዋ በተሸጠች ጊዜም። ያን ቀን አለቀሰች። «እንዲህ በቀላሉ» ትላለች፤ «እንዲህ በቀላሉ።» አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች በእኛ ዙሪያ እየተጠማዘዙ አለፉ። በመጨረሻ በነጠላዋ ዓይኗን ጠራረገች፣ ተነሳች፣ ምድር ቤት ወርዳ የወሯን ገዛች። አንዷን ክኒን እዚያው ቧንቧው አጠገብ በእጇ ውኃ ጨልፋ ዋጠች። ምንም አላስቸገራትም።

ለጋሼ የተነገራቸው ግማሹ ብቻ ነው። ዳሌዋ ላይ ስላለው ጥላ ያውቃሉ፤ መደበቅ አይቻልም። ርካሽ መድኃኒት መገኘቱንም ያውቃሉ። እኔ እግሯ ሥር ተለጥፌ ሐኪም ዘንድ እንዳስሄድኳት ነግራቸዋለች። ስለ መቁረጡ ምንም አያውቁም። በሽታው ራሱ ፈልጎ የመጣ ይመስላቸዋል። ምናልባትም ነው።

ሦስቱ ወር ረጅም ነበር። በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ወደ ጠረጴዛዬ ትመጣና ክኒኗን ፊቴ ትውጣለች፤ እኔ ነኝ እንዲያ ካልሆነ ብዬ ያስቸገርኳት። እንደ ሕፃን ምላሷን አውጥታ ታሳየኝና አሁን ደስ አለህ ዘበኛዬ ትለኛለች። የፎቶው ቀን ደረሰ፤ ጥላዋ አላደገችም፣ አልጠፋችም። ባለችበት አለች። ሐኪሙ ይህ ጥሩ ነው አለ፤ ለጥሩ ነገር የምንቸኩል ሰዎች አይደለንምና ዝም ብለን ተቀበልነው። ያን ቀን ግን፣ ስለ እንቅልፏም ስለ ሕመሟም ሳይጠይቅ፣ በቅድሚያ የጠየቃት መግዛት ችላ እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ ጋሼ ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። መኪናውን ታች፣ ጭነቱ ላይ የሰው ቁም ሣጥን እንዳለ፣ መንገድ ዘግተው አቁመውታል። ጉልበታቸውን እያሻሹ ደረጃውን ወጡ፣ በአሥራ አንዱ ማሽን መካከል አልፈው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«አንተ ባትጎትታት ይህች ግትር ሴት ሐኪም ቤት አትሄድም ነበር» አሉ። «ቤቴም አልተሸጠ፣ ሚስቴም አለችልኝ። ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?»

ወደ እሷ አየሁ። ጨርቁ ላይ አቀርቅራለች፤ የጠመኔዋ መስመር መሃል ላይ ቆሟል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጋሼ፣ እነዚያን ክኒኖች የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፣ በስምንቱም ወር፣ እየሳቅኩ። ብናገረው ለእኔ ይቀልልኛል፤ ሸክሙ ግን ተነስቶ እሳቸው ላይ ነው የሚወርደው፤ ደላላውን ያመጡት እሳቸው ናቸውና። 

ምንም አይደል ጋሼ አልኩ። ምንም አይደል አትበለኝ አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ጨበጡኝ፤ ከታች የመኪና ጡሩምባ እስኪያጣድፋቸው። ሲወርዱ ማሽኖቹ መልሰው ተነሱ፣ እሷም መስመሯን ጨረሰች። 

ዛሬ ዓመት ሊሞላው ነው። ጋሼ ባገኙኝ ቁጥር ያመሰግኑኛል፤ መንገድ ላይ ካዩኝ መኪናውን አቁመው ይወርዳሉ። እኔም ምንም አይደል ጋሼ እላለሁ።